የኤስኢሲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ውድድር፦ ለየትኛው ቀን ትኬት እንቁረጥ? ድልድሉስ እንዴት ነው የሚወጣው?

ክላርክስተን_ቅርጫት
ሰላም ቤተሰብ። ከአትላንታ አራት ሆነን ግሪንቪል (ሳውዝ ካሮላይና)፣ ቦን ሰኮርስ አሬና ላይ የሚደረገውን የኤስኢሲ (የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ኮሌጆች ኮንፈረንስ፣ ማለትም ሊግ) የሴቶች ውድድር ለማየት እያሰብን ነው። አምስቱንም ቀን መቆየት አንችልም። አንድ ቀን ብቻ ከሆነ የትኛው ይሻላል? ቴክሳስና ኦክላሆማ ከገቡ ወዲህ ቡድኖቹ 16 ሆነዋል፤ ማን ከማን እንደሚገናኝ እንዴት ነው የሚወሰነው? በውጤት እኩል የሆኑትስ? ደግሞ ትልቅ ቡድን እዚህ ቢሸነፍ ለኤንሲኤኤ፣ ማለትም ለአገር አቀፉ የኮሌጆች ውድድር፣ ይጎዳዋል?

ባለሦስት_ነጥብ
ወንድሜ፣ አንድ ቀን ከሆነ ዓርብን ያዙ። ረቡዕ የሚጫወቱት በመደበኛው ሲዝን ደረጃ ከ9ኛ እስከ 16ኛ ያሉት ብቻ ናቸው፦ 9 ከ16፣ 10 ከ15፣ 11 ከ14፣ 12 ከ13። ያሸነፉት ሐሙስ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ያሉትን ይገጥማሉ። የመጀመሪያዎቹ አራት ሁለቱን ዙር ሳይጫወቱ ያልፉና ዓርብ ሩብ ፍጻሜ ላይ ነው ሜዳ የሚገቡት፤ ደብል ባይ የሚሉት ይሄንን ነው። ስለዚህ ምርጥ አራቱን በአንድ ቀን የምታዩት ዓርብ ብቻ ነው። ቅዳሜ ሁለት ጨዋታ፣ እሑድ ፍጻሜው ብቻ ይቀራል።

ትኬቱ የሚሸጠው በሴሽን ነው፤ አንድ ሴሽን ማለት ሁለት ጨዋታ። የቀኑ ትኬት ለማታው አይሠራም። በ2025 ዓርብ ቀን ላይ 1ኛውና 4ኛው፣ ማታ ላይ 2ኛውና 3ኛው ነበሩ። ችግሩ ድልድሉ የሚታወቀው መደበኛው ሲዝን በሚያልቅበት እሑድ መሆኑ ነው፤ ውድድሩ ሦስት ቀን ቆይቶ ይጀምራል። አንድ ቡድን ለማየት ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት፣ ያ እሑድ ሳያልፍ የአንድ ሴሽን ትኬት አትግዙ። ጥሩ ኳስ ማየት ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ ሁለቱንም ቁረጡ፤ ምንም አይጎድልባችሁም።

የኮሎምቢያዋ
ስለ እኩልነቱ እኔ ልመልስ። መጀመሪያ እርስ በርስ የተጫወቱት ይታያል። እሱ ካልለያቸው ከሰንጠረዡ አናት ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ላይ ያመጡት ውጤት ይነጻጸራል። እሱም ካልለያቸው ሳንቲም ይወረወራል።

በ2025 ነገሩ እዚያ ድረስ ሄዷል። እያንዳንዱ ቡድን 16 የኮንፈረንስ ጨዋታ ነበረው፤ ከ15ቱ ተጋጣሚዎች ጋር አንድ አንድ ጊዜ፣ ከአንዱ ጋር ሁለቴ። ሳውዝ ካሮላይናና ቴክሳስ ሁለቴ የተገናኙት እርስ በርሳቸው ነበር። ጃንዋሪ ላይ ሳውዝ ካሮላይና 67 ለ 50 አሸነፈ፤ ፌብሩዋሪ ላይ ቴክሳስ 66 ለ 62 መለሰ። ሁለቱም ሌላውን ሁሉ ረትተው በ15 ድልና በአንድ ሽንፈት ስለጨረሱ የሚለያቸው ጠፋ። ኮሚሽነሩ ግሬግ ሳንኪ ሳንቲም ወረወሩ፤ አንደኝነቱ ለሳውዝ ካሮላይና ወጣ። ፍጻሜው ላይ እነዚሁ ሁለቱ ተገናኝተው ሳውዝ ካሮላይና 64 ለ 45 ዋንጫውን ወሰደ።

በእኔ እምነት 1ኛ ወይስ 2ኛ የሚለው ያን ያህል አያሳስብም። ትልቁ ገደል ያለው በ4ኛና በ5ኛ መካከል ነው። 4ኛው ዋንጫ ለመውሰድ ሦስት ጨዋታ ይበቃዋል፤ 5ኛው በአራት ቀን አራት፣ ከ9ኛ ጀምሮ ወደ ታች ያለው በአምስት ቀን አምስት ማሸነፍ አለበት። በመካከል የሚያርፉበት ቀን የለም። ድካሙ መጀመሪያ የሚታየው እግር ላይ ነው፦ ሦስተኛው ሩብ ላይ ውርወራው አጥሮ የቀለበቱን የፊት ጠርዝ መምታት ይጀምራል፣ ወደ መከላከል የሚመለሱትም ዘግይተው ነው። ሰባትና ስምንት ተጫዋች ብቻ የሚያፈራርቅ አሰልጣኝ ቅዳሜ ላይ ዋጋውን ይከፍላል።

ቢሆንም የማይቻል አይደለም። በ2022 ናሽቪል ላይ 7ኛ የነበረው ኬንታኪ በአራት ቀን አራቱንም አሸንፏል። ፍጻሜው ላይ ድሬውና ኤድዋርድስ ሰዓቱ ሊያልቅ አራት ሰከንድ ገደማ ሲቀር ባለሦስት ነጥብ አስገብታ ሳውዝ ካሮላይናን 64 ለ 62 ረቱ። ለኬንታኪ ከ1982 ወዲህ የመጀመሪያው ዋንጫ ነበር።

አራተኛው_ሩብ
የመጨረሻው ጥያቄህ መልስ እዚያው ላይ አለ፦ ያ የተሸነፈው ሳውዝ ካሮላይና በዚያው ዓመት የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። ዋንጫውን የወሰደ ቡድን ኤንሲኤኤ ውስጥ በቀጥታ ይገባል፤ የቀሩትን ኮሚቴው ይመርጣል። በ2025 ከኤስኢሲ 10 ቡድን ስለገባ ለትልልቆቹ መግባት ጥያቄ አልነበረም። እነሱ የሚያጡት ደረጃ ነው፦ ከ68ቱ ምርጥ 16ቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች በሜዳቸው ያስተናግዳሉ። አፋፍ ላይ ላለ ቡድን ረቡዕ ወይም ሐሙስ መሸነፍ ከ16ቱ መውጣት ሊሆን ይችላል።

ትንንሾቹ ኮንፈረንሶች ጋ ሌላ ነው። ኖርፎክ (ቨርጂኒያ) ላይ የሚደረገውን የሚአክ (የጥቁር ኮሌጆች ኮንፈረንስ) ውድድር ብታይ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ቡድን ብቻ ነው የሚያልፈው። የዋሽንግተኑ ሃዋርድ በ2022 ያንን ዋንጫ ወስዶ ገባ፣ የኤንሲኤኤውን የመክፈቻ ጨዋታም ኢንካርኔት ወርድን 55 ለ 51 አሸነፈ። ዲሲ ያላችሁ እሱንም ሂዱና እዩት፤ እዚያ እያንዳንዱ ደቂቃ የሞት ሽረት ነው።

አሬና ስትገቡ ሰሌዳው ላይ የቡድን ፋውል ቁጥሩን ተከታተሉ። የሴቶቹ ጨዋታ አራት ሩብ፣ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ነው። በአንድ ሩብ ከአምስተኛው ፋውል ጀምሮ ተጋጣሚው ሁለት ነጻ ውርወራ ያገኛል፤ ቁጥሩ በየሩቡ ከዜሮ ይጀምራል። የአራተኛው ሩብ ፋውል ግን ወደ ጭማሪ ሰዓት ይሻገራል። የሚመራ ቡድን ላይ ሰዓት ለማስቆም ፋውል መሥራት የሚፈልግ ቡድን፣ መዝገቡ ላይ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ካለው ተጋጣሚውን ለነጻ ውርወራ እስኪያደርስ ደጋግሞ መሥራት አለበት። በዚያ መሀል ውድ ሰከንዶች ያልቃሉ። ሰከንዶቹ ደግሞ ምን ያህል እንደሚከብዱ የ2024ቱ የኤስኢሲ ግማሽ ፍጻሜ ያሳያል፦ 1.1 ሰከንድ ሲቀር የሳውዝ ካሮላይናዋ ካሚላ ካርዶሶ በኮሌጅ ዘመኗ የመጀመሪያዋን ባለሦስት ነጥብ አስገባችና ቴነሲን 74 ለ 73 አሸነፉ።

ክላርክስተን_ቅርጫት
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ዓርብ ሁለቱንም ሴሽን እንይዛለን። ማታውኑ ወደ አትላንታ መመለስ ይቻላል?

ባለሦስት_ነጥብ
በ85 መንገድ 145 ማይል ገደማ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙለት። የማታው ሁለተኛ ጨዋታ ግን የመጀመሪያው አልቆ 25 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነው የሚጀምረው። የመጀመሪያው ጭማሪ ሰዓት ከገባ ሁለተኛውም ይገፋል። ከአሬናው ስትወጡ ወደ እኩለ ሌሊት ሊጠጋ ስለሚችል ሁለት ሹፌር ይኑራችሁ፣ ካልሆነ ግሪንቪል እደሩ። ለፍጻሜው ለመቆየት ከወሰናችሁ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፦ በ2025 ፍጻሜው የዋለው ሰዓት አንድ ወደፊት በሚገፋበት እሑድ ነበር። ቀኑ እንደገና ከገጠመ ቅዳሜ ማታ ሰዓታችሁን አስተካክላችሁ ተኙ።