በሳጥን ላይ የሠለጠነ እጅ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ለምን ይደናገራል?

ጠያቂ (የ3ኛ ዓመት የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የምሠለጥን ሐኪም)፦
የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ከፕላስቲክ ሳጥን፣ ከስልክ ካሜራና አገልግሎት ከጨረሱ የላፓሮስኮፒ (በሆድ ላይ በሚከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ በካሜራ እየታየ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና) መሣሪያዎች በሠራሁት መለማመጃ አራት ወር ሙሉ ማታ ማታ ስለማመድ ቆይቼ፣ ሰፍቶ መቋጠሩን ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መጨረስ ችያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ሲኒየሬ የሐሞት ከረጢቱን ከጉበት እንዳላቅቅ ሲፈቅዱልኝ እጄ ፈጽሞ የጀማሪ እጅ ሆነ። ክፍላችን የኮምፒውተር ሲሙሌተር (ቀዶ ሕክምናን አስመስሎ የሚያለማምድ መሣሪያ) ለመግዛት እያሰበ ስለሆነ አስተያየት እንድሰጥ ተጠይቄአለሁ፤ ልምምዱ ወደ በሽተኛው የማይሻገር ከሆነ ወጪው ምን ይረባል?

መልስ 1 (ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም)፦
መሻገሩስ ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የዬል ዩኒቨርሲቲ ጥናት 16 ሬዚደንቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ በሲሙሌተር የሠለጠኑት እርስዎን ያስቸገረዎትን ያንኑ ሥራ በ29 በመቶ ፈጥነው ሲሠሩ፣ ያልሠለጠኑት ከረጢቱን የመጉዳት ወይም ሌላ አካል የማቃጠል ዕድላቸው አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ሥልጠናው የሚያበቃው የተመደበው ሰዓት ሲሞላ ሳይሆን ሠልጣኙ የባለሙያዎቹ ውጤት ላይ ሲደርስ እንደነበር ነው።

መልስ 2 (ሬዚደንቶችን የማሠለጥን)፦
ዶክተር፣ በእኔ ግምት ችግሩ ያለው ካሜራው ላይ ነው። በሳጥንዎ ውስጥ ስልኩ አይንቀሳቀስም፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ግን ካሜራውን የሚይዘው ሌላ ሰው ስለሆነ፣ ምስሉ ትንሽ ያጋድላል፤ መሣሪያው ሆድ ላይ በገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ስለሚዞር ቀድሞውኑ ከእጅዎ በተቃራኒ የሚሄደው ጫፍ ያኔ ጨርሶ ይጠፋብዎታል። ሁለተኛው ጉዳይ የግራ እጅ ነው። ቋጠሮ መለማመድ፣ ከረጢቱን በልኩ ወጥሮ ይዞ የሚቆረጠውን ስስ ሽፋን መግለጥን አያስተምርም። ለዚህ የዶሮ እግር ቆዳን ከሥጋው ሳይቀዱ ማላቀቅ ከማንኛውም ውድ ዕቃ የተሻለ መለማመጃ ነው፤ በጾም ወቅት ብርቱካን መላጥም ያገለግላል። የቋጠሮው ፍጥነትዎ መጥፎ አይደለም፤ ሆኖም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሠልጣኞች የቀረበው የብቃት መለኪያ 112 ሴኮንድ ከመሆኑም በላይ፣ አንድ ጊዜ ማሳካቱን ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ ማሳካትን ይጠይቃል።

መልስ 3 (ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቱቦ የውስጥ አካል ምርመራ የምሠራ)፦
ስለ ግዢው ልጨምር። ክፍላችሁ የሚያስበው ስለ ላፓሮስኮፒ ብቻ ከሆነ ጥሩ ሳጥኖችና ቋሚ የልምምድ ሰዓት ይበቁታል። ኮሎኖስኮፒም (የትልቁ አንጀት ኢንዶስኮፒ) ለማስተማር ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ተጣጣፊው ቱቦ በአንጀት ውስጥ ሲጠመዘዝ ሐኪሙ ወደፊት እየገፋ ጫፉ ወደኋላ የሚመለስበትን ሁኔታ ሳጥን ሊያሳይ አይችልም። በአሜሪካ የሚሰጠው መሠረታዊ የኢንዶስኮፒ ክህሎት ፈተና በኮምፒውተር ሲሙሌተር ላይ የሚካሄድ ሲሆን፣ ከአምስቱ ተግባሮች አንዱ ይህንኑ ጥምዝ መፍታት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው በውሉ ላይ አስጽፉ፤ የተበላሸ ሲሙሌተር ጠረጴዛ ከመያዝ ሌላ አገልግሎት የለውም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሳጥኔ ላይ ካሜራው ተንቀሳቅሶብኝ እንደማያውቅ ያስተዋልሁት ገና አሁን ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ስልኩን ከማቆሚያው አውርጄ ታናሽ ወንድሜ እንዲይዝልኝ አደርጋለሁ፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ለዚህ ሥራ ይበልጥ ተስማሚ ሳይሆን አይቀርም።