አሮጌ ቤት ውስጥ የሚጮህ ቧንቧ፦ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የውኃ መስመሩ አሮጌ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብረት ነው፤ ከፊሉ ወደ መዳብ ተቀይሯል። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውኃ መቅዳቱን ሲያቆም ግድግዳው ውስጥ «ዷ!» ይላል። ሙቅ ውኃ ሲከፈት ለደቂቃዎች ቀጭ ቀጭ ይላል። የሽንት ቤቱ ታንከር ደግሞ ሲሞላ ያፏጫል። ችግሩ አንድ ነው ወይስ ሦስት? ግድግዳ ሳይፈርስ ይሠራል?

መልስ 1፦
ሦስት ናቸው፤ ግፊት ከበዛ ግን አብዛኛውን ያባብሰዋል። ምንም ዕቃ ሳይገዙ መጀመሪያ ግፊቱን ይለኩ። የግፊት መለኪያ (ጌጅ) የአትክልት ጎማ በሚታሰርበት ቧንቧ ላይ ይግጠሙ፤ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘግተው ያንብቡ። ተጠቃሚ ሲቀንስ ግፊት ስለሚጨምር ሌሊት ላይ ይድገሙት። ከ3 እስከ 4 ባር ደህና ነው። ከ5.5 ባር ካለፈ ከዋናው መዝጊያ ቀጥሎ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ይግባ።

«ዷ» የሚለው የውኃ ምት ነው። የማሽኑ ኤሌክትሪክ ቫልቭ በቅጽበት ይዘጋል፤ እየገሰገሰ የነበረው ውኃ ድንገት ሲቆም የግፊት ሞገድ ይፈጠርና ቧንቧውን ያንቀጠቅጠዋል። መፍትሔው ፒስተንና የታመቀ አየር ያለው የምት ማብረጃ ነው። በማሽኑ መዝጊያና በጎማው መካከል ይጠመዘዛል፤ ማሽኑ ሙቅ መስመርም ካለው ሁለት ያስፈልጋል። ከማሽኑ ርቆ ቢገጠም ብዙም አይረዳም።

መልስ 2፦
ከመግዛት በፊት አንድ ነገር ይሞከር። በብዙ አሮጌ ቤቶች ከቧንቧው ጫፍ ወደ ላይ የቆመ፣ አናቱ የተደፈነ አጭር ቧንቧ አለ፤ ውስጡ ያለው አየር ምቱን ይውጣል። አየሩ ቀስ በቀስ ውኃው ውስጥ ስለሚሟሟ ቧንቧው በውኃ ይሞላና ሥራውን ያቆማል። ቦይለሩን ያጥፉ፣ ዋናውን ይዝጉ፣ የላይኛውንና የታችኛውን ቧንቧ ከፍተው መስመሩን ባዶ ያድርጉ። ከዚያ የታችኛውን ዘግተው ዋናውን በዝግታ ይክፈቱ። የቧንቧ አፍ ማጣሪያዎችን ቀድመው ይንቀሉ፤ ከብረቱ የሚላቀቀው ዝገት ይደፍናቸዋል። ከወራት በኋላ ድምፁ መመለሱ ስለማይቀር እኔ ማብረጃውን እመርጣለሁ።

መልስ 3፦
ቀጭ ቀጭ የሚለው የሙቀት መለጠጥ ነው። 10 ሜትር መዳብ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ማሰሪያው አጥብቆ ከያዘው ወይም ቧንቧው በእንጨት ቀዳዳ እየታከከ ካለፈ እየተጎተተ ይጮኻል። ማሰሪያውን ላላ አድርገው ፕላስቲክ ወይም ወፍራም ጨርቅ ያስገቡበት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ቧንቧው በርዝመቱ ይንሸራተት እንጂ ወደ ጎን መወዛወዝ የለበትም፤ አለዚያ «ዷ» የሚለውን ያባብሱታል።

ታንከሩ እያፏጨ ሳለ ተንሳፋፊውን በእጅ ከፍ ያድርጉት። ድምፁ ወዲያው ከቆመና ወደ ታንከሩ የሚወስደው መስመር መዝጊያ ሙሉ በሙሉ ክፍት ከሆነ በመሙያ ቫልቩ ውስጥ ያለው የጎማ ማሸጊያ አልቋል፤ መሙያውን ሙሉውን መቀየር ይሻላል።

መልስ 4፦
መዳቡና ጋልቫናይዝዱ የሚገናኙበትንም ይመልከቱ። በቀጥታ ከተጠማዘዙ ብረቱ እዚያ ቶሎ ይዝጋል፣ ቀዳዳውም ይጠባል። ፉጨቱ ከቀጭን ፍሰት ጋር ከመጣ ምንጩ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ያን ቁራጭ ቆርጦ ሁለቱን ብረቶች በማያነካካ ዩኒዮን (መጋጠሚያ) መቀየር ነው።