የ1936 ቤት ገዝተን ቀለሙ ሊድ ይኑርበት አይኑርበት አናውቅም፣ ባለቤቴ ቅዳሜ ሊፍቀው ነው

የሚጢጢ እናት

ሰላም እንዴት ናችሁ። ሜሪላንድ ነው ያለነው፣ ታኮማ ፓርክ አካባቢ። ባለፈው ሐምሌ እ.ኤ.አ. በ1936 የተሠራ ቤት ገዛን። ስንፈርም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን) ስላለበት ቀለም የሚያወራ አንድ ቅጽ ነበር፣ ሻጩ "አላውቅም" የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ሰጠን፣ እኛም ፈረምን። ያን ሁሉ ወረቀት እያስፈረሙ የትኛው ይነበባል።

አሁን የሳሎኑ መስኮት በተከፈተ ቁጥር ነጭ ፍርፋሪ ይረግፋል። ከነጩ ስር ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ከሱ ስር ደግሞ ክሬም መሰለኝ። ልጄ 14 ወሯ ነው፣ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ነው። ባለቤቴ ቅዳሜ ጓደኞቹን ጠርቶ ፍቆ ሊቀባው ተነስቷል፣ መፈቅፈቂያ ማሽን ሁሉ ተውሶ መጥቷል። እኔ ከሱቅ ያቺን ቀለም የምትቀይር መመርመሪያ ገዝቼ ሁለት ቦታ ሞከርኩ። አንዱ ትንሽ ሮዝ ሆነ፣ ሌላው ምንም። የቱን ልመን? ባለሙያ ልጥራ? እሱ "አታካብጂ" ይላል።

ቦሌ ልጅ

እኛ በዘይት ቀለም የተቀባ በር እያኘክን ነው ጥርስ ያበቀልነው። ይኸው አለን። የአሜሪካን ሰው ማስፈራራት ሥራው ነው፣ ቀቡና ኑሩ።

ቀለም ቀቢው

@ቦሌ ልጅ፣ "ይኸው አለን" የሚለው መኖሩን እንጂ ምን እንደጎደለው አያውቅም። ሊድ ልጅን አስሎ ወይ አስተኩሶ አይናገርም፣ አእምሮው ላይ ነው የሚሠራው። ደግሞ አገር ቤትም እኮ እ.ኤ.አ. በ2018 በቀለም ላይ ገደብ ወጥቷል፣ 90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ)፣ እዚህ ካለው ጋር እኩል ነው። የፈረንጅ ፍርሃት ብቻ አይደለም።

እህቴ፣ በቅድሚያ ያ ማሽን ቤት ውስጥ እንዳይነሳ። እለምንሻለሁ። እዚህ አካባቢ ከ15 ዓመት በላይ ቀብቻለሁ፣ ካየሁት ጥፋት ሁሉ የሚብሰው ደረቅ ፍቅፈቃ ነው። ግድግዳ ላይ ተቀምጦ ማንንም የማይነካውን ቀለም ዱቄት አድርጎ ምንጣፉ ላይ፣ አልጋው ላይ፣ የልጅቷ አሻንጉሊት ላይ ይበትነዋል። በእሳት ማቃጠልም እንደዚያው ነው። ተራ ቫኪዩም ደግሞ ደቃቁን ብናኝ በጀርባው መልሶ ይተፋዋል፣ ሄፓ የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ካልሆነ አታስነሺው።

ሊድ ያለበት ቀለም ለመኖሪያ ቤት የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ቤቱ ባረጀ ቁጥር የመኖሩ ነገር ይጨምራል፣ ከ1940 በፊት የተሠራ ከሆነ እኔ በበኩሌ "አለ" ብዬ ነው ሥራ የምጀምረው። ሊድ ቀለሙን ጠንካራ ያደርገዋል፣ እርጥበት ይችላል፣ ስለዚህ መስኮት፣ በር፣ ደረጃ፣ ኩሽና፣ የውጭ እንጨት ላይ ነው የሚበዛው። መስኮት የሚብሰው ደግሞ ሲከፈትና ሲዘጋ እንጨት ከእንጨት ስለሚፋተግ ነው። የምታዪው ፍርፋሪ ሳይሆን የማታዪው ብናኝ ነው የልጅ እጅ ላይ የሚቀረው። ፍርፋሪውም ጣፋጭ ነው ይባላል፣ ለዚያ ነው ልጅ የሚደጋግመው።

የሱቋ መመርመሪያ ላይ ላዩን ካሸሻት የላይኛውን ነጭ ነው የመረመርሽው፣ እሱ ትናንት የተቀባ ነው። በምላጭ እስከ እንጨቱ ድረስ ሰንጥቀሽ ሁሉንም ድርብ ካላስነካሻት "የለም" ማለቷ ምንም ማለት አይደለም። ቀይ ቀለም ላይ ደግሞ የቀለሙ መልቀቅ ሮዝ አስመስሎ ያታልላል። ሮዟን አክብሪያት፣ ባዶዋን ግን አትመኚያት።

ሁለተኛው መንገድ ከላይ እስከ ታች ሁሉም ድርብ ያለበትን ቁራጭ አንስቶ እውቅና ላለው ላቦራቶሪ በፖስታ መላክ ነው። ርካሽ ነው፣ ጥሩም ነው፣ ግን ስለ ቆረጥሽው ቦታ ብቻ ነው የሚነግርሽ። ሦስተኛው ፈቃድ ያለው ኢንስፔክተር በኤክስ-አር-ኤፍ መሣሪያ ሲመጣ ነው። ግድግዳው ላይ ይደግነዋል፣ በሰከንዶች ውስጥ ሳይቧጭር ከስር ያለውን ድርብ ሁሉ ያነባል። ፌዴራሉ ሊድ አለበት የሚለው በካሬ ሴንቲሜትር 1 ሚሊግራም ሲደርስ ነው። ስትጠሪው ግን ጠይቂ፦ ሊድ የት እንዳለ ብቻ ነው የሚነግረኝ ወይስ አሁን አደጋ የሆነው የቱ እንደሆነም ጭምር? አደጋውንም የሚነግርሽ የወለልና የመስኮት ደረት ብናኝ እንዲሁም የግቢ አፈር ናሙና ይወስዳል። ልጅ ላለው ቤት እሱ ነው የሚረባው። እኔ ለራሴ ቤት ከሦስት ዓመት በፊት 475 ዶላር ከፍያለሁ፣ አልቆጨኝም።

ለመግዛት ላይ ላላችሁ፣ ከ1978 በፊት ለተሠራ ቤት ሕጉ ለገዢ 10 የመመርመሪያ ቀን ይሰጣል። ብዙ ሰው ወኪሉ "ተፈራርመህ እለፈው" ሲለው ያልፈዋል።

ነርስ ነኝ

ቀቢው ስለ ግድግዳው ጨርሶታል፣ እኔ ስለ ልጅቷ። መስኮቱን ከመመርመርሽ በፊት እሷን አስመርምሪ። ሜሪላንድ ውስጥ ልጆች በ1 እና በ2 ዓመታቸው የሊድ የደም ምርመራ ይደረግላቸዋል፣ 14 ወሯ ከሆነ የመጀመሪያው ተሠርቶ መሆን አለበት። ሐኪሟ ጋ ደውለሽ "ቁጥሩ ስንት ነበር?" ብለሽ ጠይቂ፣ "ደህና ናት" አይበቃም። ሲ-ዲ-ሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ተቋም) እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ትኩረት የሚሰጠው በዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራም ሲደርስ ነው። ከጣት የተወሰደ ደም ከፍ ካለ ከደም ሥር ይደገማል፣ እጇ ላይ የነበረ ብናኝ ሊያሳስት ይችላልና ወዲያው አትደንግጪ።

ብረት ያነሰው ልጅ ሊድን የበለጠ ይስባል፣ ምስርና ጤፉን አትንሺያት። እጇን ከምግብና ከእንቅልፍ በፊት እጠቢ። አንድ የኛ ጉድ ደግሞ አለ፦ ኩል። አያት "ዓይኗን ያሳምራል" ብላ የላከችው ኩል ሊድ ያለበት ሊሆን ይችላል፣ ግድግዳው ንጹሕ ሆኖ የልጅ ደም ከፍ ያለበት ቤት ሲያጋጥም እሱንም እንጠይቃለን። አያቲቱን ማስቀየም አያስፈልግም፣ ዝም ብሎ ማስቀመጥ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ 20910

እኛስ ተከራዮቹ? ቤዝመንት ነው ያለሁት፣ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። አከራዬ አበሻ ነው፣ ይሉኝታ ያዘኝ።

ቀለም ቀቢው

ይሉኝታ ለልጅህ አይሆንም። ሜሪላንድ ውስጥ ከ1978 በፊት የተሠራ የኪራይ ቤት በስቴቱ መመዝገብ አለበት፣ የሊድ ምርመራ ሰርተፊኬትም ለተከራዩ ይሰጣል። በትሕትና "ሰርተፊኬቱን ባይ ደስ ይለኛል" በል፣ በጽሑፍ። የተላጠውንም ፎቶ አንሳ።

የሚጢጢ እናት

በጣም አመሰግናለሁ። ሁሉንም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የልጄ ቁጥር 2 ነበር፣ ተመስገን። ግን ያ ከመግባታችን በፊት የተሠራ ስለሆነ ሐኪሟ ይደገም ብላለች።

ኢንስፔክተሩ ዛሬ መጣ። የሳሎን መስኮቶች በሙሉ አለባቸው፣ የፊት በሩና የደረጃው መደገፊያም። የግድግዳው ልስን ምንም የለበትም፣ ኩሽናውም ታድሶ ስለነበር ነጻ ነው። የሚገርመው ሱቅ መመርመሪያዋ "ምንም" ያለችኝ ቦታ ከሁሉም በላይ ከፍ ያለው ሆኖ ተገኘ። ብናኙ ገና ላቦራቶሪ ነው። እስከዚያው ያንን መስኮት አንከፍተውም፣ የልጅቷን አልጋ ወደ ኋላ ክፍል አዛውረናል፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ነው የምጠርገው።

ማሽኑ ተመልሷል። አሁን የምንጨቃጨቀው መስኮቶቹ ይቀየሩ ወይስ ፈቃድ ያለው ሰው ይሥራቸው በሚለው ነው። ቀለም ቀቢው፣ ሥራ ትቀበላለህ እንዴ?

ቀለም ቀቢው

የውስጥ መልእክት ላኪልኝ። ቡና ግን አፍሊ።