ሞልዲንጉን ቤቴ ልለጥፈው ወይስ ጋራዥ ልውሰደው?

ቪትዝ03፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። የ2003 ቪትዝ አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ጥግ ይዤ በቆምኩበት አንድ ባጃጅ ታክኮኝ አለፈና የኋላ በሩ ላይ በአግድም የሚሄደው ጥቁር ፕላስቲክ (ሞልዲንጉ) ግማሹ ተላቆ ተንጠለጠለ። በሩ አልጎደጎደም፣ ቀለሙም ደህና ነው። ጋራዥ ሄጄ ሳሳያቸው ግን "በሩ ሙሉ ካልተቀባ አይሆንም" አሉኝ። ለአንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ! ለጊዜው በፕላስተር ጠፍሬው እየነዳሁ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሳቀብኝ። ራሴ ብለጥፈውስ? ሱፐር ግሉ ይይዘዋል? የግራው ስፖኪዮም (የጎን ማያ መስታወቱ) ተሰብሯል፣ በዚያው ልቀይረው አስቤያለሁ።

አቡሽ፦
ሱፐር ግሉ አድርግበትና ተገላገል። እኔ ባምፐሬን እንደዛ ለጥፌ ዓመት አልፎታል።

የድሮ ባትላሜራ፦
ኧረ በፈጠረህ ሱፐር ግሉ እንዳትነካ! ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ነው፣ በሩ በተዘጋ ቁጥር እየተናወጠ ይሰነጠቃል፣ ሲነሳ ደግሞ ቀለሙን ይዞ ነው የሚነሳው። ያኔ ጋራዡ ያለህ እውነት ሆነ ማለት ነው።

ያ ፕላስቲክ ከፋብሪካ ሲወጣም የተያዘው ባለ ሁለት ፊት የስፖንጅ ፕላስተር ነው። መጀመሪያ የላይኛውን ጠርዝ ተከትለህ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር በሩ ላይ ለጥፍ፣ አለበለዚያ መልሰህ ስትገጥመው ይንጋደድብሃል። ከዚያ ያልተላቀቀውን ግማሽ በፀጉር ፎን አሙቅና የዓሣ ማጥመጃ ክር ከኋላው አስገብተህ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ሳበው። ካቻቢቴ አታስገባ! ስንት በር በካቻቢቴ ተቧጭሮ መጥቶልኛል መሰለህ።

የቀረውን ሙጫ በአውራ ጣትህ እያሻሸህ አድቦልቡለው፣ ይነሳል። ጣት ይፈጃል፣ ግን ምንም አይቧጭርም። ፕላስቲኩ ላይ ያለውንም አሮጌ ስፖንጅ አጽዳ፣ አሮጌ ላይ አዲስ ቢለጠፍ አይዝም። አንዳንዱ በናፍጣ ይጠርጋል፣ ቅባት ይተውብሃል። መጨረሻው አልኮል ይሁን። ከዚያ በኋላ በጣትህ አትንካው።

ፕላስቲኩ ራሱ ከተሰበረ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። የፊትና የኋላ በር፣ የግራና የቀኝ ይለያያል። በቃል ብትነግራቸው የፊቱን ተሸክመህ ትመለሳለህ።

ከሜሪላንድ፦
ባትላሜራው ጨርሶታል፣ አንድ ነገር ልጨምር። ብርድ ላይ አትለጥፍ። እኔ እዚህ ጥር ላይ ደጅ ለጥፌ በማግስቱ ሃይዌይ ላይ ጥዬው ቀረሁ። የስሪ ኤም (3M) ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ስትለጥፈው ከ21 እስከ 38 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል፣ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ደግሞ ከ72 ሰዓት በኋላ ነው። ክረምት ስለሆነ ፀሐይ የወጣበትን ቀን ጠብቅ፣ በሩን ወደ ፀሐይ አዙረህ አቁም፣ ካልሆነም ያንኑ ፎን ተጠቀም። ሦስት ቀን ላቫጆ የሚባል እንዳታስገባት።

ቪትዝ03፦
ተባረኩ። ስፖኪዮውስ?

የድሮ ባትላሜራ፦
እሱ ይቀላል። ከውስጥ በኩል የበሩ መስኮት ጥግ ላይ ያለችውን ባለ ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ ፈልቅቀህ አንሳ፣ ሦስት ብሎን ታገኛለህ፣ በ10 ቁልፍ ይፈታል። የኤሌክትሪክ ከሆነ ሶኬቱን መንቀል እንዳትረሳ። ከመፍታትህ በፊት ግን ቀዳዳዋ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቅ። ብሎን በሩ ውስጥ ከወደቀ ቀንህን ይበላል። ስትገጥምም ስፖኪዮውን በአንድ እጅህ ደግፈው፣ ወይ ሰው ይያዝልህ። አዲሱ ላይ ሰሌዳ ቁጥርህን አስቀርጽ፣ ሌባ ትንሽ ያመነታል።

ቪትዝ03 (ከአምስት ቀን በኋላ)፦
ሞልዲንጉ ግጥም ብሏል! በፎን አሙቄ፣ በቡጢ ደግፌ እየተጫንኩ ለጠፍኩት። ሦስት ሚሊ ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ማንም አያየውም ብዬ ነበር፣ ባለቤቴ ከመኪናው ሳትደርስ አየችው። የላቫጆው ልጅም ሦስት ቀን ሙሉ ጭቃዋን እያየ ሲለማመጠኝ ከረመ።

ስፖኪዮውም ተገጥሟል፣ በሁለት ብሎን። ጨርቁን ረስቼ ሦስተኛው በሩ ውስጥ ገባ። አሁን በር በዘጋሁ ቁጥር ይንቀጫቀጫል። ባትላሜራ ወንድሜ፣ የበሩ ውስጠኛ ገበር እንዴት ነው የሚነሳው?