በፈረቃ እየሠራሁ መጽሐፍ ቅዱስን በየቀኑ እንዴት ላንብብ?

ጥያቄ፦ ባለፈረቃዋ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፤ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። አንዱ ሳምንት ጠዋት ነው፣ ቀጣዩ ከሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ሌሊት። መጽሐፍ ቅዱስን በየቀኑ ማንበብ ልማድ እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ። ጉጉቴ ጨረስኩ ለማለት አይደለም። ሰሞኑን ውስጤ ደርቋል። ከሥራ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሥራ ሆኗል ኑሮዬ። ቆም ብዬ እንዳስብ የሚያደርገኝ፣ የሚያድሰኝ ነገር ነው የምፈልገው።

ችግሬ ይሄ ነው። ከዘፍጥረት እጀምራለሁ፤ እስከ ዮሴፍ ታሪክ ድረስ ይስበኛል። ዘጸአት ላይ የማደሪያው ድንኳን ልኬት ሲመጣ እቆማለሁ። "ጠዋት ተነሺና አንብቢ" የሚሉኝ አሉ፤ የኔ ጠዋት ግን አንዳንዴ ስምንት ሰዓት ቀን ላይ ነው። ከእህቴ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ ቲቪው አይዘጋም። በስልኬ ላንብብ ስል ደግሞ ቴሌግራም ይጠልፈኛል። እጄ ላይ ያለው መጽሐፍ የ1954ቱ ትርጉም ነው።

የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ እንደሆንኩ ሆን ብዬ አልጻፍኩም፤ ክርክር ውስጥ እንዳንገባ ብዬ ነው። ከየትም ሁኑ፣ ለእናንተ የሠራውን ንገሩኝ።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

እህቴ፣ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ሰዓት መቁረጥ የለበትም። "በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት" ብለሽ ብትነሺ ሳምንቱ ሲቀየር ሁሉም ይፈርሳል። ከሰዓት ይልቅ በማንኛውም ፈረቃ የማይቀርብሽን ነገር ፈልጊ። ሰርቪስ ትጠብቂያለሽ። ቤት ገብተሽ ጫማ ታወልቂያለሽ። እግርሽን ትታጠቢያለሽ። ንባቡን ከነዚህ ካንዱ ጋር እሰሪው። እኔ አንቺን ብሆን ከታጠብኩ በኋላ፣ ምግብ ከመቅረቡ በፊት አደርገው ነበር። ከበላሽ አበቃ፣ እንቅልፍ ነው።

ከዘፍጥረት መጀመር ግዴታ አይደለም። ማርቆስን ያዢ። ከአራቱ ወንጌላት አጭሩ እሱ ነው፣ 16 ምዕራፍ ብቻ። ታሪኩ ይሮጣል፣ "ወዲያውም" እያለ ነው የሚሄደው። በቀን አንድ ምዕራፍ ከከበደሽ ግማሹን አንብቢ። ቀጥሎ አጫጭሮቹ አሉልሽ፦ ሩት 4፣ ዮናስ 4፣ ፊልጵስዩስ 4 ምዕራፍ።

ትንሽ ስትጠነክሪ ደግሞ ይሄን ስሌት እይው። አዲስ ኪዳን በሙሉ 260 ምዕራፍ ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አንድ ምዕራፍ ብታነቢ በ52 ሳምንት ያልቃል። ሁለቱ ቀን ትርፍ ነው። ፈረቃ የሚቀየርበት ቀን ሰው ሰው አይደለም፣ ለሱ አስቀምጪው። ዘጸአትን አትተዪው ግን፤ የድንኳኑን ልኬት ዝለይና ምዕራፍ 32 ላይ ግቢ። የወርቁ ጥጃ ታሪክ እዚያ ይጠብቅሻል።

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)፦

ልጄ፣ ሰዓት አትያዢ ያለው ወንድማችን ላንቺ ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያለ ጠዋት አይሆንልኝም። የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ፤ ከብርድ ልብስ መውጣት ራሱ ስግደት ነው። ከሰል ተቀጣጥሎ ውሃው እስኪሞቅ ዳዊቴን እይዛለሁ።

ባባቶቻችን ሥርዓት ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሏል። ዐሥር መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ 150ው 15 ንጉሥ ነው። ሰኞ ሦስት ንጉሥ፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ ሦስት፣ ዓርብ ሁለት፣ ቅዳሜ ሁለት። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ የየቀኑ አለው። ይሄን ሁሉ አድርጊ ማለቴ አይደለም፤ ጊዜ ያለው ሰው ሥራ ነው። ግን ስሌቱን ባንቺ አቅም ልንገርሽ። የኛ ወር 30 ቀን ነው። በቀን አምስት መዝሙር ካነበብሽ ወሩ ሲያልቅ 150ው ያልቃል። መስከረም አንድ ብትጀምሪ መስከረም 30 ትጨርሻለሽ፤ ጥቅምት አንድ እንደገና ከ"ምስጉን ነው" ትነሻለሽ። ቀኑን ካወቅሽ የት እንደደረስሽ ታውቂያለሽ፤ ምልክት አያስፈልግሽም። አምስት ከበዛብሽ አንድ አንድ እያልሽ ሂጂ። ማን ያሳድድሻል?

የኦርቶዶክስ ልጅ ከሆንሽ ግጻዌም አለልሽ። በየዕለቱ የሚነበበው ተመድቧል፦ ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ ከሐዋርያት ሥራ፣ ከዳዊት ምስባክ (ከወንጌል በፊት የሚዜመው ጥቅስ)፣ ከወንጌል። ወንጌሉን ብቻ ብታነቢ እንኳ በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን ነው የምታነቢው።

የሸዋ በር ልጅ (ደሴ)፦

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ እታለም፣ ጣልቃ ገባህ አትበዪኝ። ወሎ ውስጥ የጎረቤት ጥያቄ የኔም ጥያቄ ነው። ረመዳን ላይ ቁርኣንን ማኽተም፣ ማለትም አንብበን መጨረስ የምንፈልግ ሰዎች የምናደርጋትን ልንገርሽ። ቁርኣን 30 ጁዝ፣ ማለትም 30 ክፍል ነው። በተለመደው ሙስሐፍ (የቁርኣን ቅጂ) አንዱ ጁዝ ወደ 20 ገጽ ይሆናል። 20 ገጽ ባንዴ አንብብ ብትለው ሥራ ያለው ሰው ይሸሻል። ከአምስቱ ሶላት በኋላ አራት አራት ገጽ ስትለው ግን ሳይታወቀው ያልቃል። ሶላቱ የማይቀር ነው፤ ንባቡ በሱ ላይ ይንጠለጠላል። የጦሳው ወንድም ያለው ነገር ይሄው ነው።

አዛኑንም ተጠቀሚበት፣ አላህ ይወድልሻል። ከሌሊት ፈረቃ ስትገቢ ሱብሒ (የንጋቱ ሶላት) ከተባለ አንቺም ገጽሽን ግለጪ።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፦

ሁላችሁም ስለ ማንበብ ነው ያወራችሁት። እሷ ግን ውስጤ ደርቋል ነው ያለችው። በዓመት ሁለቴ ጨርሰው ምንም ያልነካቸው ሰዎች አውቃለሁ። ምዕራፍ መቁጠር ደግሞ ራሱን የቻለ ሱስ ነው። እኔ የምለው፣ ትንሽ አንብቢና ብዙ አስቢ። አንድ ደብተርና እስክሪብቶ መጽሐፉ ውስጥ ይቀመጥ። ሦስት ነገር ጻፊ፦ ምን ተባለ? የቱ ጋ ቆምኩ? ዛሬ ምን ላድርግ? ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ይበቃል።

በምሳሌ ላሳይሽ። ማርቆስ 6 ከቁጥር 30 እስከ 34 ውሰጂ። ሐዋርያት ከተላኩበት ተመልሰዋል፤ ደክሟቸዋል። "የሚመጡና የሚሄዱ ብዙዎች ነበሩና ለመብላት እንኳ ጊዜ አጡ" ይላል። (ምሳ ሰዓት ላይ ማሽን ቆመ ተብሎ የተጠራ ሰው ይሄን በደንብ ይረዳዋል።) ጌታም "ብቻችሁን ወደ ምድረ በዳ ኑና ጥቂት ዕረፉ" አላቸው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆምና "ዕረፍት ያስፈልጋል" ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። ቀጥዪ። በታንኳ ሄዱ። ሕዝቡ አየና በእግሩ ሮጦ ቀደማቸው። ሲደርሱ ምድረ በዳው ሰው ሞልቶበታል። ዕረፍቱ ተበላ ማለት ነው። ጌታ ግን አልተቆጣም፤ እረኛ እንደሌላቸው በጎች ነበሩና አዘነላቸው።

እኔ የቆምኩት "ታዲያ እነዚህ ሰዎች መቼ ዐረፉ?" የሚለው ላይ ነው። ወደ ታች ብትወርጂ አምስት ሺህ ሰው ማብላት ነው የሚከተለው፤ ማታውን ደግሞ ነፋስ ፊት ለፊት እየገፋቸው ሲቀዝፉ ነው የምናገኛቸው። እንደኔ እንደኔ ያረፉት ሲሄዱ ታንኳዋ ላይ ነው። እዚህ ወደብ ሰው፣ እዚያም ወደብ ሰው፤ መሀል ላይ ግን ብቻቸውን ናቸው። መጽሐፉ እንዲህ ብሎ አይጽፍም፣ የኔ ግምት ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ሰርቪስ ላይ ስልክ አልከፍትም። ሦስተኛው መስመሬ እሱ ነበር።

ያንን ቀን ያነበብኩት አምስት ቁጥር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲያመላልሰኝ ከረመ። መዝሙር 1 ላይ "ሕጉንም በቀንና በሌሊት ያስባል" ያለው ይሄንን ይመስለኛል። "ያነባል" አላለም።

የሰኞ ገበያዋ፦

የቦርከናው ልጅ፣ አሳምረህ ተናግረሃል። ግን ዳዊት ደጋሚን "ቆጣሪ" አታድርገን። በየወሩ ተመላልሶ የሚመጣ ቃል አንድ ቀን በችግርህ ሰዓት ሳትጠራው ይመጣል። መደጋገምም ማሰብ ነው።

ቦርከና ዳር፦

ይቅርታ እትዬ፣ እርስዎን አላልኩም። እርስዎ ያሉትም እውነት ነው።

ባለፈረቃዋ፦

ኧረ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እትዬ፣ "ማን ያሳድድሻል" ያሉኝ ሸክም አቀለለልኝ። ሦስት ነገር ልጨምር። አንድ ቀን ሲያመልጠኝ ተስፋ እቆርጥና እተወዋለሁ፤ ምን ላድርግ? የ1954ቱ አማርኛ አንዳንድ ቦታ ይከብደኛል። የእህቴ ቲቪስ?

የጦሳ ግርጌ፦

ስላመለጠው ቀን፦ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ96 ሰዎች ላይ የተሠራና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። አንድ ነገር ሳያስቡት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን ወደ 66 ቀን ገደማ ይፈጃል ነው የሚለው። ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከ18 እስከ 254 ቀን። ደስ ያለኝ ሌላው ግኝት ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላበላሸውም። ስለዚህ "21 ቀን ነው የሚፈጀው" የሚሉሽን አትስሚያቸው። ያመለጠሽንም ለማካካስ አትሩጪ፤ የዛሬውን ብቻ አንብቢ። የትናንቱ ሲደመር ነው ሰው ምርር ብሎት የሚተወው።

ስለ ቋንቋው፦ የ1954ቱን አትጣዪው፣ ቃሉ ጆሮ ላይ ይቀራል። የከበደሽን ቁጥር በ1980ው ወይም በአዲሱ መደበኛ ትርጉም አመሳክሪው። ለዚህ ለዚህ ስልክሽ ጥሩ ነው፤ ዳታ አጥፊና ክፈቺው፣ ቴሌግራም እንዳይጮህ። መብራት የጠፋ ቀን ግን ወረቀቱ ይሻላል። ሻማ ይበቃዋል።

ቦርከና ዳር፦

ቲቪውን ለኔ ተዪልኝ። የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ የኛው ሰው፣ ጃንደረባው፣ በሠረገላ ሆኖ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ሰማው ይላል። ሰማው! ጮክ ብሎ ነበር የሚያነበው ማለት ነው። "የምታነበውን ታስተውለዋለህን?" ሲለውም "የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?" ብሎ ወደ ሠረገላው አስወጣው። አንቺም እህትሽን "ቲቪ አጥፊ" አትበያት፣ ጠብ ነው የሚሆነው። ማስታወቂያ ሲገባ ድምፁን ቀንሺና የማርቆስን አንድ ታሪክ አንብቢላት። አጋንንት የገቡባቸው እሪያዎች ባሕር የገቡበትን አንብቢላትና እስኪ ፊልሙ ይበልጣል ትበል።

የሸዋ በር ልጅ፦

ሃሃ፣ ያንን እኔም መስማት እፈልጋለሁ።

ባለፈረቃዋ፦

እሺ፣ እንዲህ አድርጌዋለሁ። ማርቆስ፣ ከታጠብኩ በኋላ፣ ሦስት መስመር። እሑድ እሑድ ከእትዬ ዳዊት አንድ መዝሙር። ከነገ ጀምሮ የሌሊት ፈረቃ ነኝ፤ ከባዱ ሳምንት ነው፣ በሱው ልጀምር።

የሰኞ ገበያዋ፦

በርቺ ልጄ። አንድ ነገር ረስቼ ነበር። "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው" የሚለውን ስትፈልጊ በአንዱ እትም መዝሙር 22፣ በሌላው 23 ሆኖ ታገኚዋለሽ። አቆጣጠሩ ስለሚለያይ ነው፤ ከመዝሙር 10 አካባቢ ጀምሮ አብዛኛው በአንድ ቁጥር ይዛባል። መጽሐፍሽ ላይ በቅንፍ ሌላ ቁጥር ካየሽ እሱ ነው፣ ገጽ ጎደለ ብለሽ እንዳትደናገጪ።