የዘይት ቅብ ሥዕሌ ፎቶ ላይ እያብረቀረቀ አስቸገረኝ

ሰላም፣ ሥዕሌን በዳኞች ለሚመረጥ ውድድር ልልክ ነው። የጠየቁት ጄፔግ ነው፤ ረጅሙ ጎን 1920 ፒክስል፣ ከ2 ሜጋባይት ያልበለጠ፣ ፍሬሙ የማይታይበት። እሱስ ቀላል ነው። ያስቸገረኝ ሥዕሉን ማንሳቱ ነው፦ 80 በ120 ሳንቲ ሜትር የዘይት ቅብ፣ ቫርኒሽ የተቀባ፣ ግማሹ ድፍን ጥቁር ሰማያዊ። መስኮት አጠገብ በስልክ ሳነሳው አንዱ ጎን ይነጣል። ደመናማ ቀን ጠብቄ በረንዳ ላይ ሳነሳው ነጸብራቁ ቀነሰ፣ ግን ሰማያዊው ግራጫ መሰለ፣ የብሩሹ አሻራም ጠፋ (ዳኛ ደግሞ የሚያየው ስክሪኑ ላይ ያለውን ብቻ ነው)። ከግራና ከቀኝ መብራት በ45 ዲግሪ አቁሜም ቫርኒሹ ላይ ነጫጭ ነጥቦች አልጠፉም። አሁን ካሜራ ከጓደኛዬ እዋሳለሁ፣ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ) ግን መግዛት ሊኖርብኝ ነው። ሌንሱ ላይ ብቻ ማድረጉ ይበቃል ወይስ መብራቶቹም ላይ የፖላራይዘር ፊልም መለጠፍ አለብኝ?