ብራዘር ኬኤች-860፦ ካሬጁ ይከብዳል፣ መሃሉ ላይ ሉፕ ይጥላል

የሳቢያኗ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ታይዋን ካለ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የተገዛ ብራዘር ኬኤች-860 የሹራብ ማሽን አለኝ። 200 መርፌ፣ በመርፌና በመርፌ መካከል 4.5 ሚሊሜትር፣ ባለ 24 ፓንች ካርድ (በቀዳዳዎቹ መርፌ የሚመርጥ)። ከነሳጥኑ ነው፤ የክሩ ምሰሶ፣ ማበጠሪያው፣ ሁለት ክብደትና ጥቂት ካርዶች አሉት። ሪበር (ላስቲክ የሚመስል ጠርዝ የሚሠራው ተጨማሪ ክፍል) የለውም።

ካሬጁ (በመርፌዎቹ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚገፋው ክፍል) ክር ሳይገባበት እንኳ ሲገፋ ይከብዳል። ፓርትና ተክ የሚባሉት ቁልፎች አንዴ ከተጫኑ አይመለሱም። በተራ ሥራ ላይ ደግሞ ከግራ 30 እስከ ቀኝ 40 ባለው ቦታ ሉፕ (የሹራቡን ዓይን) ይጥላል፤ ዳርና ዳሩ ንጹህ ነው። መርፌ ወደፊት ስስብ ጫፏ ወደ ላይ ብድግ ትላለች። በካርድ ስሠራ ደግሞ ሌላ ስህተት አለ፦ አንድ ሉፕ ቀለሙን ይስታል፣ ስህተቱም በየ24 መርፌው ይደገማል።

ከየቱ ልጀምር? ምን ዓይነት ዘይት ልጠቀም? ነጋዴው ኬኤች-930 የሚባል ኤሌክትሮኒክም አለው፤ ጀርባው ላይ 120 ቮልት ይላል። ይገዛል ወይ?

ክር ከጀጎል

እህቴ፣ ካቻቢቴ ከማንሳትሽ በፊት የሠራሽውን ጨርቅ ዘርግተሽ እይው። ስህተቱ የት እንደሚደገም ካወቅሽ የቱ ክፍል እንደታመመ ግማሹን አወቅሽ ማለት ነው። ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ብቻ ከወረደ የዚያች አንዲት መርፌ ጥፋት ነው፤ ምላሷ ዝጓል ወይም መንጠቆዋ ተጣሟል። በየ24ቱ ከተደገመ የካርድ አንባቢው ነው። ካሬጁ ወደ ቀኝ ሲሄድ ብቻ ከተበላሸ፣ ወደ ግራ ደህና ከሆነ፣ ካሬጁ ውስጥ በአንድ ወገን ያለ ነገር ደርቆ አልመለስ ብሏል። እዚህም እዚያም ያለ ሥርዓት ከተበተነ ክሩን ወይም ቴንሽኑን (የክሩን ውጥረት) ጠርጥሪ። አንቺ እንዳልሽው መሃሉ ብቻ ከሆነና የመርፌዋ ጫፍ ብድግ ካለ ደግሞ ስፖንጁ አልቋል። አራት ችግር ያለብሽ ይመስልሻል እንጂ ሁለት ናቸው፦ ያለቀ ስፖንጅና የደረቀ ዘይት።

ስፖንጁ ያለው በመርፌዎቹ ላይ በአግድም በሚያልፍ ቀጭን የብረት ዘንግ ሥር ነው። ሥራው መርፌዎቹን ወደ አልጋው (መርፌዎቹ ወደተደረደሩበት ሰሌዳ) ተጭኖ መያዝ ነው። ሲጠፈጠፍ መርፌዋ ትነሳለች፣ ካሬጁ ከሚመራት መንገድ ትወጣለች፤ ሉፕ ትጥላለች፣ ሲብስም ካሬጁ ይመታትና ትታጠፋለች ወይም ትሰበራለች። መሃሉ ብዙ ስለሚሠራ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ስለዚህ ስፖንጁ ሳይቀየር ሌላ ነገር አትሞክሪ።

ዘንጉን ለማውጣት በአልጋው አንድ ጎን ጫፉን በእርሳስ ወይም በካቻቢቴ ወደ ውስጥ ግፊው፤ በሌላው ጎን ብቅ ሲል በፒንሳ ያዥና ቀስ ብለሽ ሳቢው። አሮጌው ስፖንጅ እንደ ሬንጅ ተጣብቆ ወይም ዱቄት ሆኖ ታገኚዋለሽ። በቢላ ጀርባ ፋቂው፣ የቀረውን ማጣበቂያ በአልኮል ጥረጊው። ብረቱ ላይ ቅባት ከቀረ አዲሱ አይያዝም።

አዲሱን ለማግኘት ሩቅ አትሂጂ። ሶፋ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ጠንከር ያለውን ስፖንጅ ጠይቂ፤ ለፍራሽ የሚሆነው ልፍስፍሱ አይሆንም። ወርዱ ከ9 እስከ 10 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ እንደ ዘንጉ ሆኖ አንድ ወጥ ይሁን። ከተቀጣጠለ መገጣጠሚያው ላይ መርፌ ይነሳል። በምላጭና በብረት ማስመሪያ ነው የሚቆረጠው፤ መቀስ ጠርዙን ያወላግደዋል። ማስቲሽ በስሱ ብረቱም ስፖንጁም ላይ ቀቢና ትንሽ ሲደርቅ አገናኚያቸው። ብዙ ማስቲሽ ስፖንጁ ውስጥ ሰርጎ እንደ ድንጋይ ያደርገዋል። ከላዩ ቀጭን የጨርቅ ሪባን ለጥፊበት፤ ያለሱ መርፌዎቹ ስፖንጁን እየቧጠጡ ቶሎ ይጨርሱታል።

ስትመልሺው ስፖንጁ ወደ ታች፣ ብረቱ ወደ ላይ ነው። በአንድ እጅ መርፌዎቹን በማስመሪያ ተጭነሽ በሌላው ዘንጉን ግፊው። አልገባም ካለ አታስገድጂው፤ አንዲት መርፌ ከላዩ ሆናለች ማለት ነው። የኛን አገር ሙቀት ስፖንጅ አይወድም፣ በተለይ የናንተውን። ማሽኑ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይቀመጥ፣ ፀሐይም አይምታው።

ዘንጉ ወጥቶ እያለ መርፌዎቹን ሁሉ አውጪና እያቸው። መርፌዋን አልጋው ዳር ላይ ኢ (E) ተብሎ እስከተጻፈው ምልክት ድረስ ወደፊት ግፊ፣ ምላሷን ዝጊ፣ መንጠቆዋን ወደ ታች ስትጫኚ ጭራዋ ይነሳል፣ ጉብታዋን ይዘሽ ወደ ኋላ ትስቢያታለሽ። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባሊያት፤ የተጣመመችው ራሷን ታጋልጣለች። ምላስ በራሷ ክብደት ወዲያና ወዲህ መውደቅ አለባት። መቀየሪያ ከሌለሽ የዳር ዳሩን መርፌዎች ወደ መሃል አምጪና የተጎዱትን ዳር አስቀምጪ፤ ሙሉ 200 መርፌ የሚፈልግ ሥራ ጥቂት ነው። የሲልቨር ሪድ (የሌላ ፋብሪካ ማሽን) መርፌ ግን ለብራዘር አይሆንም፣ ቢመሳሰልም።

ቶርኖ ቤት

ስፖንጁ ላይ ተስማምቻለሁ። ካሬጁን እኔ ልጨምር።

የሚከብደው ፋብሪካ ያስገባው ዘይት ከዓመታት በኋላ እንደ ሙጫ ስለሚሆን ነው። አዲስ ዘይት ከላዩ ማፍሰስ ለሁለት ቀን ያቀለዋል፣ ከዚያ የባሰ ይይዛል። መጀመሪያ ማጠብ ነው። የመቀየሪያውን ቁልፍ ሲ-አር (CR) ላይ አድርጊ፣ ካሬጁ ከአልጋው ይለቃል። ከፊቱ ያለውን የክር ማቀበያ ሰሌዳ ሁለቱን የእጅ ብሎኖች አላልተሽ አውጪው። ካሬጁን ገልብጪና ከመንካትሽ በፊት በስልክ ፎቶ አንሺ፤ የላይኛውን ፕላስቲክ ስትፈቺም እንደዚሁ። ሞላዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሲፈናጠሩ አይገኙም። ነጭ አንሶላ አንጥፈሽ ሥሪ።

ላምባ በጥርስ ብሩሽ እየነከርሽ ቁልፎቹ በሚሽከረከሩበት ሥር አስገቢ፣ ሩብ ሰዓት ተዪው፣ ቁልፉን ደጋግመሽ አንቀሳቅሺ። ቡናማ ጭቃ መውጣቱን እስኪያቆም ድገሚው። ቤንዚን ለእሳቱም ለፕላስቲኩም አደገኛ ነው፤ ቲነርና አሴቶን ደግሞ ፕላስቲኩን ያሟሙታል፣ ጽሑፉንም ያጠፋሉ። ላምባ ቅባት ትቶ ስለሚሄድ በመጨረሻ በአልኮል ጥረጊው። ከፋርማሲ ስትገዢ 70 በመቶው ውስጥ ውሃ አለ፣ መርፌ ያዝጋል፤ ከ90 በላይ የሆነውን ጠይቂ።

ዘይቱ የስፌት መኪና ዘይት ነው፤ ሐረር ለሄደ መኪና ግርግር ያሉት ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ያው ቀጭኑ። የሞተር ዘይትም ግራሶም አይሆንም። ጠብታው በጨርቅ ላይ ይሁንና አልጋውና የካሬጁ ሆድ በጨርቁ ይታሹ። ድሬ አቧራዋ ይታወቃል፤ የተረፈ ዘይት አቧራ ይዞ እንደ ሞረድ ይበላል። ሥራ ሲያልቅ በጨርቅ መሸፈን እንጂ ላስቲክ ማልበስ አይደለም።

አንድ ሁሉም የሚረሳው ነገር፦ ሰሌዳው ሥር ትንንሽ ክብ ብሩሾችና የጎማ ጎማዎች አሉ። እንዝርታቸው ላይ ክርና ጸጉር ስለሚጠመጠም መሽከርከር ያቆማሉ፤ ያኔ ሉፑ ከመርፌው ወደ ኋላ አይገፋም። በመርፌ ጫፍ አጽጂያቸው፣ በጣት ሲነኩ መሽከርከር አለባቸው።

ክር ከጀጎል

ላምባውን ለካሬጁ እሺ፣ ለአልጋው ግን እንዳትጠቀሚው። መርፌዎቹ የሚሄዱበት ቦይ ውስጥ ከገባ ማድረቁ ከባድ ነው፤ እዚያ በአልኮል የነካ ብሩሽ ብቻ ይበቃል። መርፌዎቹን ግን በላምባ ማሰሮ ውስጥ ማሳደር ይቻላል።

ሽቦና ቀዳዳ

ስለ ኬኤች-930 ልመልስ። የኛ መስመር 220 ቮልት ነው። 120 ቮልት የሚለው የአሜሪካ ገበያ ነው፤ የጃፓኑ 100 ይላል። በቀጥታ ከተሰካ የኃይል ክፍሉ ይቃጠላል። ወደ 110 ገደማ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ማሽኑ የሚበላው ትንሽ ስለሆነ ጀርባው ላይ ከተጻፈው ዋት እጥፍ የሚችል ይበቃል። የ60 እና የ50 ኸርዝ ልዩነት አያስጨንቅሽ፤ ውስጥ ገብቶ ወደ ዲሲ ይቀየራል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ዝላይ ግን ቦርዱን ስለሚጎዳ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀይ።

ከመግዛትሽ በፊት አስከፍተሽ ሞክሪው። ኤሌክትሮኒክ ብራዘር መርፌ የሚመርጠው በ16 ሶሌኖይድ (ትንንሽ የኤሌክትሪክ ማግኔት) ነው፤ ስለዚህ ስህተቱ በየ16 መርፌው ከተደገመ አንድ ሶሌኖይድ ወይም መስመሩ ሞቷል። ቦርዱ ጭራሽ ካልሠራ ሰዎች አውጥተውት በምትኩ ኤያብ የሚባለውን ክፍት ፕሮጀክት ከአርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) ጋር ይገጥሙበታል፤ ከዚያ ሥዕሉ ከኮምፒውተር በዩኤስቢ ይሄዳል። ብየዳ ለሚችል ሰው ጥሩ ጨዋታ ነው። ለጀማሪ ግን የካርዱ ማሽን ይሻላል፤ መብራት አይጠይቅም፣ ብልሽቱም በዓይን ይታያል። ብራዘር በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የሹራብ ማሽን መሥራት ስላቆመ ቦርድ ከፋብሪካ አይመጣም።

ለመሰብሰብ ከሆነ የምትፈልጊው፣ ኬአር-850 ሪበር ካየሽ አትለፊው፤ ለ860 ይሆናል፣ የወገብና የእጅጌ ላስቲክ የሚመስለውን ጠርዝ የሚሠራው እሱ ነው። ፓሳፕ ዱኦማቲክ የሚባለው የስዊዝ ማሽን ከተገኘም ጥሩ ነው፤ ሁለት አልጋ አለው፣ ስፖንጅ የሚባል ነገር የለበትም፣ ክብደትም አያንጠለጥሉበትም። ግን ከባድ ነው፣ ዕቃዎቹም ከብራዘር ጋር አይገጥሙም፣ መልመዱም ጊዜ ይፈልጋል።

የሳቢያኗ

አቦ፣ ተባረኩ! ስፖንጁ ተቀየረ፣ ካሬጁም ታጠበ። መሃሉ አሁን ንጹህ ነው፣ ቁልፎቹም ይመለሳሉ። የካርዱ ስህተት ግን አለ፤ አሁንም በየ24ቱ። ሌላ ደግሞ፣ ሥዕሉ ካርዱ ላይ ከማየው ረድፍ አይጀምርም። እና ከገበያ የሚገኘው በእጅ ለመሥሪያ የሚሸጥ የአክሪሊክ ክር ይሆናል?

ሽቦና ቀዳዳ

ረድፉ ስህተት አይደለም። ብራዘር የሚያነበው ከፊትሽ ከሚታየው 7 ረድፍ ዝቅ ብሎ፣ ውስጥ የገባውን ነው። የብራዘር ካርዶች ቁጥራቸው ይህን አስልቶ ነው የታተመው፤ የሲልቨር ሪድ ካርድ ግን ለ5 ረድፍ ነው የተሠራው። ሁለቱም ባለ 24 ስለሆኑ የሲልቨር ሪድን የሁለት ቀለም ካርድ ማሽንሽ ላይ መጠቀም ትችያለሽ፣ የመነሻ ረድፉን ብቻ ታስተካክያለሽ። የዳንቴል ካርድ ግን አይለዋወጥም፤ ሁለቱ ፋብሪካዎች ሉፕ የሚያዛውሩበት መንገድ ለየቅል ነው።

በየ24ቱ ለሚደገመው፣ መጀመሪያ ካርዱን ወደ ብርሃን ያዢው፤ ቀዳዳው ጠርዙ ተቀዶ ወይም ፍርፋሪ ቀርቶበት ይሆናል። ሌላ ካርድ አስገብተሽ ስህተቱ እዚያው መርፌ ላይ ከቀጠለ አንባቢው ውስጥ ካሉት ጣቶች አንዱ በደረቀ ዘይት ተይዟል። የላይኛውን ክዳን ከፍተሽ ጣቶቹን አንድ በአንድ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ገፋ አድርጊ፤ የማይመለሰው እሱ ነው። አልኮል በብሩሽ፣ ደጋግሞ ማንቀሳቀስ፣ ከዚያ አንዲት የዘይት ጠብታ። አታጣሚው፣ አትሳቢው።

ክር ከጀጎል

ክሩ ላይ፦ ለ4.5 ሚሊሜትር ማሽን 100 ግራሙ 400 ሜትር አካባቢ የሚሆን ቀጭን ክር ነው የሚስማማው። 100 ግራሙ 230 ሜትር የሚሆነው መካከለኛው ክር በቴንሽን (ካሬጁ ላይ ያለው የሉፕ መጠን ቁጥር) 9 ወይም 10 ይገፋል፣ አለዚያ አንድ መርፌ እየዘለሉ መሥራት ነው። ከዚያ የወፈረውን ለኪሮሽ አስቀምጪው። ከሱቅ ተጠቅልሎ የሚመጣውን እንዳለ አታስገቢ፤ ላላ አድርገሽ እንደገና ጠቅልይው፣ ስትጠቀልዪም ክሩን ተራ ሻማ ላይ እያሳለፍሽ። ሰም ያልነካው አክሪሊክ በደረቅ አየር ኤሌክትሪክ ይይዝና ይጣበቃል።

ድሬ ላይ ሹራብ ለማን ነው የሚል ካለ፣ የሕፃን ልብስና የጥጥ ሸሚዝ ይሠራበት። ጥጥ ግን አይለጠጥም፤ ሰም ይብዛለት፣ ቴንሽኑንም ከአክሪሊኩ በአንድ ቁጥር አላልተሽ ጀምሪ፣ ብናኙንም ከብሩሾቹ ቶሎ ቶሎ ጥረጊ።

ልኩን በግምት አትሥሪ። ከመሃሉ ዜሮ ግራና ቀኝ 20፣ 20 መርፌ ላይ ምልክት የሚሆን ሌላ ቀለም ክር አድርጊና ከምልክቱ ወጣ ብሎ ሰፋ ያለ ቁራጭ 60 ረድፍ ሥሪ፤ የ60ውንም መጀመሪያና መጨረሻ በሌላ ቀለም ለዪው። አውርደሽ ይደር፣ ልብሱ እንደሚታጠበው እጠቢው፣ ሲደርቅ ለኪ። 40ው ሉፕ 13.3 ሴንቲሜትር ከመጣ በ10 ሴንቲሜትር 30 ነው። 60ው ረድፍ 15 ከመጣ በ10 ሴንቲሜትር 40። ደረቱ 96 ለሆነ ሰው 8 ለልቅነት ጨምረሽ 104፣ ግማሹ 52፣ ሲባዛ 156 ሉፕ፣ ለስፌቱ 2 ጨምሪ፣ 158። በዚህ ልክ 200 መርፌ 66 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚሰጥሽ ቦታ አለሽ።

ዳር ዳሩ ላይ ቀለበት ከወጣ ካሬጁን ከጨርቁ አልፎ ብዙ እየገፋሽው ነው፤ በተራ ሥራ ጥቂት ሴንቲሜትር ይበቃል። በካርድ ሲሆን ግን የመዞሪያውን ምልክት ማለፍ አለበት፣ አለዚያ ካርዱ አይዞርም። ሁለቱን ክብደት ዳርና ዳር ላይ አንጠልጥዪ፣ ጨርቁ በረዘመ ቁጥር ወደ ላይ አንቀሳቅሺያቸው። ሁለት ያንሳል፤ እኩል የሚመዝኑ ሁለት ተጨማሪ ቶርኖ ቤት ያለው ወንድማችን ከብረት ቆርጦ ይሠራልሻል።

ቶርኖ ቤት

ይሠራል። ያለሽን አንዱን አምጪ፣ ተመዝኖ ያንኑ ያህል ይቆረጣል። መንጠቆው ላይ ግን ጠርዝ እንዳይቀርበት በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ይለስልስ፣ ክር ይበጥሳል።